የአራተኛው በር ቁልፍ

ሴቱባል፣ ከወደቡ ዳር፣ ጣሪያው የዛገ ቤት፣
ድሮ ሰርዲን ነበር የሚታሸግበት።
በኋላ መድረክ ቆመ፣ መብራት ተሰቀለ፤
የቆርቆሮው ሽታ ግን አልለቀቀም፣ አለ።

ዠርቫዚዮ እባላለሁ፣ ዓሣ ቸርቻሪ ነኝ፤
ያ ሌሊት ነው ምስክር ስልሳ አንድ ያደረገኝ።
የእህቴን ልጅ ይዤ ነበር የሄድኩት፣
ሦስት ወር ለምና፣ ሦስት ወር እንቢ ብያት።
እርሷ ተርፋለች።
ያልተረፈችው ቤንቪንዳ ናት፣
መስታወት ቆራጭ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ከዐሥራ አንዱ አንዷ።

አጣሪው ጉባኤ አዳራሹ ተቀመጠ፣
ለመጣው ሁሉ አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ እየሰጠ።
አዘጋጁ ቫላዳሬስ ቀድሞ ተነሣና
«ትኬት ሸጥኩ እንጂ ሰው አልረገጥኩም» አለ፤
ሦስት ሺህ ለሚይዝ ቤት አምስት ሺህ መሸጡን
«የማተሚያ ስህተት ነው» ብሎ ዘለለ።

ጥበቃው ድርጅት «አርባ ሰው ጠየቁን፣ አርባ ላክን» አለ።
ከአርባው ሃያ ሁለቱ የዚያኑ ቀን ማለዳ
ቢጫ ሰደርያ ያጠለቁ፣ ለሥራው እንግዳ።

ዘፋኙ አልመጣም። ጠበቃው አነበበ፦
«ኑ፣ ወደ ፊት ተጠጉኝ ያልኩት በፍቅር ነው።»
የቀረውን በመብራቱ፣ በጭሱ አሳበበ።

ፖሊሱ «በሩ የእሳት አደጋ ነው» አለ፣
እሳት አደጋው «የከተማው»፣
ከተማው «ፈቃድ ሰጠን እንጂ በር አልሰጠንም።»

በመጨረሻ ደልፊም፣ የአራተኛው በር ዘበኛ፣
ቁልፉ አንገቱ ላይ ታስሮ ያደረ፦
«ያለ ትእዛዝ አትክፈት ተብያለሁ።
በሬዲዮ ሦስቴ ጠራሁ።
የመለሰልኝ ዘፈኑ ብቻ ነበረ።»
ውሃውን ያልጠጣ እርሱ ብቻ ነው፤
ብርጭቆውን ቢያነሣው ይደፋው ነበረ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?
ዐሥራ አንድ ሬሳም እንዲሁ ተከፋፈለ።
ለእያንዳንዱ የደረሰው ድርሻ
ሎሚ የነካ ጣት ያህል እንኳ አልሸተተም።

ተራዬ ደረሰ። ማልኩ። እንዲህ አልኩ፦
«እኔ ከኋላ ነበርኩ።
ፊቴ ያለውን ጀርባ በመዳፌ ገፋሁ።
በኃይል አይደለም፤ ያልተቆለፈ በር እንደሚገፋ ጨዋ ሰው።
ከኋላዬም መዳፍ ነበረ፣
ከመዳፉ ኋላ ሌላ መዳፍ።
የመጨረሻው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም።
ምናልባት ደጅ ቆሞ
ዝናብ ብቻ ነው የገፋው።»

ሰብሳቢዋ ኤርመሊንዳ መነጽሯን አወለቀች፤
«የተጠየቁት ስለ ቁልፉ ነው» አለች።
«አይተውታል?»
«አላየሁም።»
«ይበቃል፣ ይቀመጡ።»
ጸሐፊው የመዳፌን ነገር አልጻፈም።

ይህን ስል ቫላዳሬስን ነጻ ላወጣው አይደለም።
ሁለት ሺህ ትርፍ ትኬት የመዳፍ ስህተት አይደለም፤
ተቆጥሮ ኪስ የገባ ገንዘብ ሳይታወቅ አይገባም።
እኔ የምለው ሌላ ነው።
እኔ የምለው፣ ያ ጀርባ ሙቀት ነበረው፤
ሸሚዙ ረጥቦ ነበር፤
አንዴ ወደ እኔ ሊዞር ሞክሮ
አንገቱ ብቻ ዞረ።

ማታ፣ ሰው ሲበተን፣ የቤንቪንዳ አባት ኩስቶዲዮ
ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ቀረበ።
እዚያ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣
አንድ ነጭ ጫማ አለ፣ የግራ።
ቀኙ ከእግሯ ጋር መጥቶለታል።
«ልውሰደው?»
«ይወስዳሉ፤ ኃላፊው ይፈርምበትና።»
«ኃላፊው ማን ነው?»
ጸሐፊው ዙሪያውን አየ።
ወንበሮቹ ባዶ፣ ብርጭቆዎቹ ባዶ፣ አንዱ ብቻ ሙሉ።
ሁሉም ኃላፊ ነበር፤
ሁሉም አልፎ ሄዷል።

መዳፌን ከኪሴ አወጣሁ።
በክር የታሰረውን ብዕር ስቤ ስሜን ጻፍኩ።
ጸሐፊው አነበበው፣
«አንተ እኮ ምስክር ነህ» ብሎ ሰረዘው።

ሽማግሌው ምንም አላለም።
በተሰረዘው መስመር ላይ አንድ ጣቱን አሳረፈ፣
ጥበቃው መብራት እስኪያጠፋ
አላነሣውም።